ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ቁርሴና ስለ ጠዋቱ ስኳር

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ ዘንድሮ ጨክኗል። እናትሽ ከጋቢዋ ሳትወጣ ነው የምታረፍደው።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። «አባዬ፣ ማታ በጊዜ በልቼ ተኛሁ ትላለህ፤ ታዲያ ጠዋት ስትለካ ስኳርህ 150 ከየት መጣ?» አልሽኝ። ነገርሽ የፖሊስ ምርመራ ነበር የሚመስለው። ተደብቄ ቴምር የበላሁ መስሎሽ ነው መቼም። በስልክ ላስረዳሽ ብል አንዴ ኔትወርኩ፣ አንዴ እናትሽ እየገቡ አላስጨረሱኝም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

ጠዋት ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ዋናው ነገር ጉበት ነው። ጉበት ስኳር ያጠራቅማል። ምግብ ሳንቀምስ ስንቆይ ደግሞ ካጠራቀመው ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ደም ይለቃል። ይሄ ጤነኛውም ላይ አለ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ከ9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ሰውነት ለመንቃት መሰናዳት ይጀምራል። ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን የሚባሉት ከፍ ይላሉ። እነሱ ጉበቱን ስኳር እንዲለቅ ያዙታል፤ ስኳሩን ከደም የሚያስወጣውን የኢንሱሊንንም ሥራ ያከብዱበታል። አንቺ ብትሆኚ ቆሽትሽ ትንሽ ኢንሱሊን ጨምሮ ነገሩን እዚያው ይጨርሰዋል። እንደኔ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑ አይበቃውም፤ ያለውንም ቢሆን ጉበቱና ጡንቻው በወጉ አይታዘዙለትም። ስለዚህ ሱብሂ ሰግጄ ስለካ፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ፣ ማታ ስተኛ ከነበረው በልጦ ይጠብቀኛል።

እርግጥ ማታ አምሽቶ መብላትም፣ ክኒን መርሳትም ቁጥሩን ይጨምራሉ። ያንን አልክድሽም። ግን ጠዋት ከፍ ባለ ቁጥር ሰውየው ሌባ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቁርሱ ልምጣ። ቁርስ የሚያርፈው በዚህ አስቀድሞ ከፍ ባለው ስኳር ላይ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ኢንሱሊን የሚዳከምበት ሰዓት ነው። አንዱን ዳቦ ምሳ ላይ ብበላውና ቁርስ ላይ ብበላው አይተካከልም። የቁርሱ ይብሳል። ሰው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይጠነቀቅና በቁርሱ ይዘናጋል፤ «ሻይ በዳቦ ምን አላት፣ ቀላል ምግብ ናት» ይላል። ለሆድ ቀላል ናት፣ እውነት ነው። ለስኳር በሽተኛ ግን ከሙሉ ምሳ ልትከብድ ትችላለች።

እኔ ዕድሜዬን መኪና ላይ ነው የጨረስኩት። የሹፌርን ቁርስ ታውቂዋለሽ። ከደሴ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ሻይ ቤት ቁጭ፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ። አንዷ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር ትይዛለች። ሦስቱ 12 ግራም ናቸው፤ ያውም ሻዩ ካልተደገመ። ሻዩ ፈሳሽ ስለሆነ ስኳሩ ደም ውስጥ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። ቦምቦሊኖውም ነጭ ዱቄት ነው። አሠሩ ተወግዷል፣ ልሟል፣ ሆድ ውስጥ ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል።

አሁን ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ ቢሆንም አንዳንድ ቀን ሁለቴ እለካለሁ፤ ቁርስ ከመጀመሬ በፊትና ከጀመርኩ ከ2 ሰዓት በኋላ። ዳቦ በጣፋጭ ሻይ የበላሁ ቀን ከ150 ተነስቶ 250 ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ሁለት እንቁላል በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ተጠብሶ፣ ከግማሽ ዳቦ ጋር፣ ስኳር በሌለው ሻይ የበላሁ ቀን 170 አካባቢ ቆመ። ሆዴ ግን በሁለቱም ቀን እኩል ጠግቧል። ሐኪሞቹ ለብዙ ሰው የሚያስቀምጡት ግብ ከቁርስ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። ለሽማግሌና ሌላ ሕመም ላለበት ትንሽ ያላሉታል። እኔን ከሽማግሌዎቹ እንዳትቆጥሪኝ።

ስለዚህ ቁርሴን ቀየርኩት። ሌላ አገር ምግብ ፍለጋ ግን አልሄድኩም። ፉል አለ፤ ባቄላው አሠርም ፕሮቲንም ስላለው ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ጉዱ ያለው ፉሉ ላይ ሳይሆን ከጎኑ የሚደረደረው ዳቦ ላይ ነው። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ። እናትሽ ከሰኞ ገበያ የምታመጣው ገብስ አለ፤ ተከክቶ ቂንጬ ሲሆን ከዱቄቱ ይሻላል። እህል በደቀቀ ቁጥር ስኳሩ ይፈጥናል። እንጀራም አልተውኩም፣ ልክ አበጀሁለት እንጂ። ጤፍ ጥሩ ነው፣ ግን ጤፍም ቢሆን ስታርች ነው፤ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ፍርፍር ላይ ደግሞ እጅ ሳያስቡት ይረዝማል። እንጀራ በእንጀራ አይደል የሚበላው?

አንድ ነገር ደግሞ ተምሬያለሁ። ከእንቁላሉ፣ ከባቄላው ወይ ከጎመኑ መጀመር፤ ዳቦውን ወይ እንጀራውን ወደ ኋላ ማድረግ። ምግቡ ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተለወጠው፣ ግን ከምግብ በኋላ ያለው ቁጥር ዝቅ ይላል። እናትሽ መጀመሪያ «የእብድ አበላል» አለችኝ። አሁን ለምዳዋለች።

ጨጨብሳ በዒድና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሆኗል፣ ያውም ያለ ማር። ማር ስልሽ ትዝ አለኝ፤ እዚህ ሰፈር «ማር መድኃኒት ነው፣ ስኳር አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ማር ስኳር ነው። አብሽም እንደዚሁ፤ ቢጠጣ አሠር አለው፣ ክኒኑን ግን አይተካም። ቅቤ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ስኳሩን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ልቡም ያሰጋዋል።

እንግዲህ አትቀየሚኝና ስለላክሽው አጃ ልንገርሽ። አጃ መጥፎ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ለአራስ አጥሚት ሲያፈሉት የኖሩት እኮ ነው። ያንቺ ካርቶን ግን ፈልቶ ሳይጨርስ የሚደርሰው ዓይነት ነው። አስቀድሞ በስሎ፣ ተዳምጦ፣ ደቅቆ የመጣ ስለሆነ ስኳሩም እንደዚያው ይፈጥናል። «ስኳር የሌለው» የሚለውን ብስኩትም አየሁት። ጀርባው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የስንዴ ዱቄት ነው። ስኳር አልጨመሩበትም፣ ዱቄቱ ግን ሆዴ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ብስኩቱን የጎረቤት ልጆች ጨረሱት።

«እንዲህ ከሆነ ቁርስ ባትበላስ?» ልትዪኝ ትችያለሽ። ጎረቤታችንም ይህንኑ መከረኝ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ብቻውን የሚወስድ ሰው ስኳሩ እጅግ የመውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። እኔ ግን ግሊቤንክላማይድም አለኝ። እሱ ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ የሚጎተጉት ክኒን ነው። እሱን ውጦ ሳይበሉ መቆየት አደጋ አለው። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳብ ይበታተናል። ከ70 በታች ከወረደ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። ይህንን እናትሽ በቃሏ ታውቀዋለች፤ አንቺም እወቂው። ሌላው ነገር፣ ቁርስ መዝለል ለብዙ ስኳር በሽተኛ ትርፉ ምሳ ላይ ስኳሩ የባሰ መውጣቱ ነው።

ረመዳን ሲመጣም እንዳትጨነቂ። ከወሩ በፊት ሐኪሙ ጋ ሄጄ የክኒኑን ሰዓትና መጠን አስተካክላለሁ። ከ70 ከወረደ ወይ ከ300 ካለፈ አፈጥራለሁ፤ ሃይማኖታችን ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው። ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ግን ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፣ ክኒናቸውን ጠዋት በባዶ ሆድ ይውጣሉ። የእሳቸው ያሳስበኛል። ቄሱንም ሐኪሙንም ያማክሩ ብያቸዋለሁ።

ከቁርስ በኋላ እራመዳለሁ፤ 15 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ትንሽ ዘለግ ይላል። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ይስባል። ደሴ ደግሞ ሜዳ የላትም፣ ከደጃፍ ሲወጡ ዳገት ነው። ወደ ፒያሳ ወርጄ ስመለስ ስፖርቱ አለቀ። ያስቸገረኝ ቡናው ነው። ቡናው ራሱ አይደለም፣ «አንድ ማንኪያ ብቻ» የሚሉት ነገር። የወሎን ሰው ልማድ ታውቂያለሽ። እምቢ ስትዪ ይማጸኑሻል፣ በሞቴ ይሉሻል፣ ሦስተኛው ላይ ትረቺያለሽ። አሁን ስኒዬን ራሴ ይዤ «የእኔን መራራ» እላለሁ። ገጠር ያለችው አክስትሽ በጨው ላርግልህ አለችኝ። እሱ ደግሞ ለደም ግፊቱ አይሆንም።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። አያትሽ ስኳር ነበረባት፣ እኔም አለብኝ። ወላጁ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ከሌላው ሰው ይልቅ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አንቺ ደግሞ ቁርስሽ ማኪያቶ በሁለት ስኳር ነው፣ ከዚያ እስከ ምሳ ምንም የለም። እናትሽ ነግራኛለች፣ አትካጂ። ቅዳሜ ጠዋት ሳትበዪ ሄደሽ ተለኪ። ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ መንገዱ ላይ ነሽ፤ ገና ግን ይመለሳል። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ደግመው ያረጋግጡታል።

ውጤቱን መጀመሪያ ለእኔ ደውይ። ለእናትሽ ቀስ አድርጌ እኔ እነግራታለሁ። ሰው የሚመጣ ካገኘሽ ስትሪፕ ላኪልኝ። የማሽኑን ስም ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ ያንዱ ስትሪፕ ለሌላው ማሽን አይሆንም፣ አደራ ተጠንቀቂ። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እዪልኝ።

አባትሽ
ከደሴ