ጉዳዩ፦ ቀይ መብራት ስላለባት ክፍል

ይድረስ ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ጅማ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ካርድ አርብ ከሰዓት ይታደላል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተጠግኗል፤ የዩኒፎርም ዋጋ አልተነካም። አሁን ሁላችሁም ወደምትጠብቁት ጉዳይ ልግባ።

ሰሞኑን ቢሮዬ የመጣ ወላጅ ሁሉ "ያቺ ቀይ መብራት ያለባት ክፍል ምንድን ናት?" ሳይል አይወጣም። ለክፍያ የመጣውም፣ ለመልቀቂያ የመጣውም። አንድ አባትማ ጠዋት በር ላይ ጠብቀው፣ ዘበኛው እየሰማ፣ "ርዕሰ መምህር፣ ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሌላ ቤት?" አሉኝ። ሰላም ብዬ አለፍኳቸው። መልሱን ግን ለሁላችሁም በጽሑፍ መስጠቱ ይሻላል።

ቀይ መብራት ሲባል ምን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እኔም የኖርኩት እዚሁ ከተማ ነው። ክፍሏ ግን የስፖርት ዕቃ የምናስቀምጥባት የነበረችው ናት፤ አሁን ፎቶ ይታጠብባታል። ነገሩን የጀመረችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። ስሟን አልጽፍም፤ እስካሁን የተነሳው ይበቃል። ይህች ልጅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጡን ጥቁር ቀብታ፣ ጎኑን በመርፌ በስታ ካሜራ ትሠራለች። ሌንስ የለውም። በፊልም ፈንታ የፎቶ ወረቀት ይገባበታል። ወረቀቱን የሰጣት ፎቶ ማጠብ ካቆመ የቆየ አንድ ፎቶ ቤት ነው፤ ጊዜው ስላለፈ ገንዘብም አልጠየቋት።

መብራቱ ለምን ቀይ ሆነ? ይህ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ሰማያዊ ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል። ቀዩ ግን አይነካውም። በቀይ አምፖል ሥር ልጆቹ የሚሠሩትን ያያሉ፣ ወረቀቱም ይተርፋል። አረንጓዴ የሚሆን ቢሆን ኖሮ እኔው ሄጄ እገዛ ነበር።

"በሩስ ለምን ይዘጋል?" ትላላችሁ። በስንጥቅ የገባ የቀን ብርሃን የሰዓታት ሥራ ስለሚያበላሽ ነው። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም፤ አስነቅለነዋል። የኬሚስትሪ መምህሩ ሳይኖሩ ማንም አይገባም። የመምህራን ማረፊያም ከክፍሏ ጋር ግድግዳ ይጋራል። "ወንድና ሴት አንድ ላይ?" የሚል እንዳለም አውቃለሁ። ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው ሒሳብም የሚማሩት። እዚህ ደግሞ ቆመው፣ መምህር አጠገባቸው ሆኖ፣ እጃቸውን ቡና ውስጥ ነክረው ነው።

አዎ፣ ቡና። "ልጆቻችን ምን ዓይነት ኬሚካል ነው የሚነኩት?" ላላችሁኝ መልሱ እሱ ነው። ምስሉን የሚያወጣው ቡና፣ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ነው። ልጅቷ ከራሷ አላመጣችውም። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ዶክተር ስኮት ዊልያምስና ተማሪዎቻቸው የሞከሩት የቡና ዘዴ ነው፤ ቫይታሚን ሲው በኋላ የተጨመረ ነው። ሥራውን የሚሠራው ካፊኑ ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ ነው። ሶዳውን ልጆቹ ራሳቸው ያዘጋጁታል፤ ከሱቅ የተገዛ የመጋገሪያ ሶዳ በደንብ ሲታመስ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። መጀመሪያ የእናቷን የጀበና ቡና ሞክራ ነበር፤ ቀጠነባት። አሁን ኔስካፌ ነው የምትጠቀመው። ጅማ ተቀምጦ ኔስካፌ መግዛት እንደሚያሳፍር ይገባናል። ሽታውም ለጠጪ የሚሆን አይደለም። ምስሉ እንዲጸና መጨረሻ ላይ ሃይፖ የሚባል ኬሚካል ውስጥ ይነከራል፤ ፎቶ ቤቶች ድሮም የሚሠሩበት ነው። እሱን መምህሩ ብቻ ናቸው የሚይዙት፣ በጓንት።

አንዳንድ ያነበባችሁ ደግሞ "በፀሐይ የሚሠራ ሰማያዊ ፎቶ አለ አይደል? ጨለማ ለምን አስፈለገ?" ትሉ ይሆናል። ሠርታዋለች። የቡና ቅጠል ወረቀት ላይ አስተኝታ፣ ፀሐይ አስመትታ፣ በውሃ ብቻ አጥባ። ቢሮዬ ተሰቅሏል፣ የቅጠሉ ሥር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል በ1842 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዘዴ ነው። ግን አንዱ ኬሚካል ፖታሲየም ፌሪሳይናይድ ይባላል። ሳይናይዱ ከብረት ጋር አጥብቆ ስለተያያዘ፣ ከአሲድ አርቀው ከያዙት ስሙን ያህል አያስፈራም። ይሁንና "ሳይናይድ" የምትል ቃል ከግቢ ብትወጣ ስልኬ እንዴት እንደሚጮህ አስቡት። ቀዩ መብራት ይሻለኛል።

ኮሪደር ላይ ስለተሰቀለው የጅሬን ፎቶም ልናገር፣ "ጂኒ ወጣበት" ስለተባለው። ፎቶው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። የጣሳው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ብርሃን እስኪበቃው ደቂቃዎች ይፈጃል። የሚራመድ ሰው ጭራሽ አይወጣም። አንድ ሽማግሌ ደረጃው ላይ ጥቂት አረፍ ብለው ተነሱ። ስለዚህ ደረታቸው መሐል የእንጨቱ ደረጃ ይታያል፣ ጋቢያቸውም ከወገብ በታች ጢስ መስሏል። ጂኒ አይደሉም። ሰውየው ደህና ናቸው፣ ፎቶውንም አይተው ስቀዋል።

"ፈተና እየደረሰ ፎቶ ምን ይሠራል?" ይህን ስለ ኳስም ሰምቻለሁ፣ ስለ ቴአትር ክበቡም። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ፣ በጠባብ ቀዳዳ ያለፈ ምስል ተገልብጦ እንደሚወርድ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የብርሃን ተመራማሪው ሊቅ ኢብን አል-ሃይተም ከሺህ ዓመት በፊት ግድም ካይሮ ላይ የመረመረው ይህንኑ ነው። እሱም በጨለማ ክፍል ነበር የሚሠራው። "ስልክ አለ አይደል እንዴ?" ለሚለውም፦ ስልክ ፎቶውን ይሰጣል፣ ውስጡ ምን እንደተደረገ ግን ልጁ አያይም። የልጅቷ ውጤት አልቀነሰም። ቢቀንስ ኖሮ ከእናንተ በፊት እኔ ቤተሰቧ ጋ እደውል ነበር።

ዓይኑ ያላየውን ለማመን የሚቸገር ወላጅ ረቡዕ ከሰዓት ከ9 ሰዓት በኋላ ይምጣ። አንኳኩቶ "ግቡ" እስኪባል ይጠብቅ። ስልካችሁን ዘበኛው ጋ ተዉት፤ ስክሪኑ ወረቀት ያበላሻል። ይህም ሆኖ "ልጄ እዚያ ክፍል አይግባ" የሚል ካለ መብቱ ነው። ፈርሞ አርብ ካርድ ሲወስድ ለጸሐፊዋ ይስጥ። በቃልና በዘበኛ በኩል የሚመጣ አቤቱታ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ከነክዳኑ ያላችሁ በልጆቻችሁ እጅ ብትልኩልን ደስ ይለናል። ያልዛገ ይሁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ