ስለዚያ ተዋናይ የጠየቁኝ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው በስልክ «ሱፐርማን ላይ የነበረው ያ ተንኮለኛ ሰውዬ የት ደረሰ?» ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። ጂን ሃክማን ነው። በ2025 አሜሪካ፣ ሳንታ ፌ ከተማ፣ ቤቱ ውስጥ አረፈ፤ 95 ዓመቱ ነበር። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ።) ከትወናው ከወጣ 20 ዓመት አልፎት ነበር፤ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር።

ሰሞኑን ፊልሞቹን እያየሁ ነው። ካሴት ተከራይተው ሲያመጡ እኔ ተኩሱን ስጠብቅ፣ እርስዎ «ይሄ ሰውዬ የሚተውን አይመስልም» ይሉ ነበር። አሁን ገባኝ። በ1971 «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» ላይ የኒው ዮርክ መርማሪ ሆኖ ይጮሃል፣ ይደባደባል። ኦስካር ወሰደበት። በ1974 «ዘ ኮንቨርሴሽን» ላይ ደግሞ የሰው ወሬ በድብቅ የሚቀዳ ብቸኛ ሰው ነው። መነጽርና ሪዝ ተጨመረበት እንጂ ፊቱ ያው ነው። ግን ያ ጯሂ ሰው የለም። ትከሻው ሳይቀር ይፈራል። መጨረሻ ላይ እሱም እየተሰለለ እንደሆነ ያውቃል። የመሰለያ መሣሪያውን ፍለጋ የገዛ ቤቱን ወለል ይነቅላል፤ አያገኝም። ከዚያ ፍርስራሹ መሀል ተቀምጦ ሳክስፎን ይነፋል። አባባ፣ ፊልሙ አልቆ ከሶፋው መነሳት አቃተኝ።

በ1992 «አንፎርጊቭን» ላይ ጨካኝ ሸሪፍ ሆነ፤ ሁለተኛ ኦስካሩ ነው። ቤቱን በገዛ እጁ ይሠራል፣ ጣሪያው ግን ያፈሳል። ያንን ሲያዩ እርስዎ ግንበኛው ምን እንደሚሉ አሰብኩ።

ስም ያወጣው በ37 ዓመቱ፣ በ1967 ነው። ከዚያ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ በረኛ ነበር። ትወና ሲማር አብረውት የተማሩት እሱንና ደስቲን ሆፍማንን «የትም አይደርሱም» ብለዋቸው ነበር። እኔ በ30 ዓመቴ ትምህርት ስቀይር እርስዎ አንድ ክፉ ቃል አልወጣዎትም።

አንድ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለኝ። 13 ዓመቱ እያለ አባቱ ጥሎት ሄደ። ልጁ መንገድ ላይ ሲጫወት አባቱ በመኪና አለፈ፣ እጁን አውለበለበለት፣ በቃ። ይህን ሳነብ ቦሌ ላይ ከመስታወቱ ማዶ ሆነው እስክሰወር ድረስ ያውለበለቡት እጅዎ ታየኝ። የሄድኩት እኔ ነበርኩ። እርስዎ ቆመው ቀሩ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ፊልሞቹን በፍላሽ እይዝልዎታለሁ። እስከዚያ መነጽርዎን ያስቀይሩ።

ልጅዎ