የኦስመንድና የሀክስሊ ደብዳቤዎች፦ ለእህቴ

እህትዬ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዘመን ሆነን፤ ሰሞኑን ግን በማነበው ነገር በየገጹ ትዝ እያልሽኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

የማነበው የሰው ደብዳቤ ነው። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ሃምፍሪ ኦስመንድና ደራሲው አልደስ ሀክስሊ ከ1953 እስከ 1963 (በፈረንጆቹ ነው)፣ ሀክስሊ እስኪሞት ድረስ የተጻጻፉት። ኦስመንድ ያኔ ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን፣ ዌይበርን የምትባል ከተማ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ነበር የሚሠራው። በግንቦት 1953 ሎስ አንጀለስ ሄዶ ለሀክስሊ ሜስካሊን የሚባለውን፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ መድኃኒት 0.4 ግራም ሰጠው። ያን ጠዋት መድኃኒቱን በውሃ እያማሰለ ይበዛበት ይሆን ያንሰው ይሆን እያለ ሲጨነቅ ነበር፤ ሀክስሊን ያሳበደ ሰው እንዳይባል መፍራቱንም ኋላ ራሱ ጽፎታል። ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። እኛ በተማርናቸው የጥናት ጽሑፎች ውስጥ የፈራ ተመራማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ኦስመንድና ባልደረባው አብራም ሆፈር ኤልኤስዲን፣ እንደ ሜስካሊን አእምሮን የሚለውጠውን ሌላ መድኃኒት፣ ለመጠጥ ሱሰኞች ሰጥተው ብዙዎቹ መጠጥ ተዉ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶቻቸው መድኃኒቱን ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም፤ አንቺ ይሄን አታልፊላቸውም፣ ልክም ነሽ። ከዚያ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ጥብቅ ሙከራ አድርገው የተለየ ጥቅም አላየንም አሉ። ግን የቶሮንቶዎቹ በሽተኞች መድኃኒቱን ወስደው አልጋ ላይ ታስረው ነበር! ሳስካችዋን ላይ ደግሞ አጠገባቸው የሚቀመጥ፣ የሚያዋራቸው ሰው ነበራቸው። ታዲያ የተለካው መድኃኒቱ ነው ወይስ መታሰሩ? እኔ ሁለቱ አንድ ሕክምና ናቸው ብዬ አላምንም፣ ማንም ቢከራከረኝ።

እነዚህን መድኃኒቶች ለሕዝብ ይሰብክ የነበረውን የሃርቫርዱን የሥነ ልቦና ምሁር የቲሞቲ ሊሪን ነገር ታውቂዋለሽ፣ አላስረዝመውም። በ1962 መጨረሻ ሀክስሊ ስለ እሱ ለኦስመንድ የጻፈው ግን ስጋት የሞላው ነው፤ ሰውዬው እንዲህ ሆኖ የት ይደርሳል የሚል የወዳጅ ጭንቀት። በ1963 ሊሪ ከሃርቫርድ ተሰናበተ። ከዚያ መድኃኒቶቹን የሚከለክለው ሕግ መጣ፣ ምርምሩም ለብዙ ዓመት ቆመ፤ የሠራው መድኃኒቱ ነው ወይስ አጠገብ መቀመጡ የሚለው የዌይበርኑ ጥያቄ ሳይመለስ።

አሁን ምርምሩ እንደገና ተጀምሯል፣ እኔም ይሄን ከማን ጋር ላውራው? አንቺ በየቀኑ ከታካሚ ፊት የምትቀመጪ ሰው ነሽ። መቀመጥሽ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ሊለካ ይችል እንደሆነ፣ የሚመስልሽን ጻፊልኝ። ስልክ አትደውዪ፤ ቁጭ ብለሽ በረጅሙ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ