ጉዳዩ፦ ቃል ተገብቶልን ስላልተሰጠን የቤተሰብ ስልጠና

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወንድሜ አከርካሪው ተጎድቷል፤ ካርዱ እጃችሁ ላይ ስላለ ከፎቅ አወዳደቁንም ኦፕራሲዮኑንም አልደግምም። የምጽፈው ስለዚያች ሐሙስ ነው።

"ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቤተሰብ ይምጣ። አገላበጡን፣ የሽንት ቱቦውን፣ የአልጋ ቁስል መከላከያውን እናሳያችኋለን" ተባልን። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። እናታችን አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። እስከ 6 ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ተገተርን። "ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት፣ ነገ" ተባለ። በነጋታው የተሰጠን የመውጫ ወረቀትና ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ላይ "የምክር አገልግሎት" የሚል አለበት። ከፍለናል! ከዚያ ወዲህ አምስቴ ደውያለሁ፤ "መልሰን እንደውላለን" ነው መልሱ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ራሱን ይፈልጠው ጀመር። ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ብርድ መቶት ነው ብለን ጋቢ ደረብንለት። የጎረቤት ነርስ መጥታ ስትለካው የደም ግፊቱ 190/110 ነው። ቀና አድርጋ አስቀመጠችውና ቱቦውን በእጇ ተከተለች። ጭኑ ሥር ታጥፏል፤ ሽንቱ መውጫ አጥቷል። ስትዘረጋው ወዲያው ቀለል አለው። ጉዳቱ ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይም ሆዱ ሲደርቅ ግፊቱ እንዲህ ሊያሻቅብ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እስከ መፍሰስ ሊያደርሰው እንደሚችል የሰማነው ከእሷ ነው። የወንድሜ አራተኛው ላይ ነው፤ ከስድስተኛው በላይ ማለት ነው። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት ያለችንም እሷ ናት። ስታገላብጠው ግን ከወገቡ በታች ቁስል ወጥቷል።

ማክሰኞ ለቀጠሮ ስንመጣ ይህን ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኳቸው። ከስልካቸው ቀና ሳይሉ "ለሁሉም ይነገራል፣ እናንተ ሳትሰሙ ቀርታችሁ ነው" አሉኝ። ማን፣ መቼ እንደነገረን ጠየቅሁ። "ደግሞስ እዚያ ጋ ስሜት የለው፤ ምን ያመዋል?" አሉ። ወንድሜ እዚያው ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

ይቺን ነገር ነው መዋጥ ያቃተኝ። አሁን ቁስሉን እንይልህ ስንለው "አይሰማኝም፣ ተዉት" ይለናል። በሽንቴ አላስቸግራቸውም ብሎ ውሃ መጠጣትም ቀንሷል። አደጋው አለማመሙ አይደለም እንዴ? የሚያመው ሰውማ ራሱ ይገላበጣል።

ስለዚህ ስልጠናው ቀንና የባለሙያ ስም ተጽፎበት ይሰጠን። ያልተሰጠው ምክር ሒሳብ ይመለስ። መመሪያውም በአማርኛ ይሁን፤ የሰጣችሁን እንግሊዝኛ ነው፣ ቀን ቀን የምታስታምመው ደግሞ እናቴ ናት። ኃላፊው ይቅርታ የሚጠይቁት እኔን ሳይሆን ወንድሜን ነው። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከነደረሰኙ ለጤና ቢሮ አስገባለሁ።

ቀጠሮውን ስትይዙልን እባካችሁ ሊፍቱ የሚሠራበት ቀን ይሁን። እናቴም ትመጣለች።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚው ታላቅ ወንድም