“ለዝላይ አይደለም የከፈልኩት”

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ፒያኖ አስተምራለሁ። ፒያኖ ስል ኪቦርድ ማለቴ ነው፣ እሱም መብራት ሲኖር። በቀደም አንድ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ ቀደም ብለው መጡና ልጆቹ ወለሉ ላይ በጠመኔ ባሰመርነው ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ አገኟቸው። “እኔ የከፈልኩት ለፒያኖ ነው፤ ዝላዩን ደጅም በነጻ ይዘላል” አሉኝ። የዛን ቀን መልስ አጣሁ። እንደሳቸው የሚያስብ ወላጅ ስለማይጠፋ እዚህ ልመልስ።

ልጅ የኖታውን ቦታ ቶሎ ይለምዳል። የሚያስቸግረው ምቱ ነው። ቀላሉ ጋ ይሮጣል፣ ከባዱ ጋ ያዘግማል፣ ምት የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙ፣ ብቻውን ይሄዳል። እኔም ድሮ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት” እያስባልኩ አስቆጥር ነበር፣ ልጁም ወይ ቁጥሩን ወይ ጣቱን ይረሳል። ያው ልጅ ግን ነሐሴ 13 ለቡሄ ሲወጣ፣ እየጨፈረ ዱላውን መሬት ሲመታ፣ አንዴ እንኳ አይስትም! ምቱ ከድሮም አለው፤ ያላገናኘነው ከኪቦርዱ ጋር ነው።

መብራት የጠፋ ቀን ነው ጨዋታውን የጀመርኩት። በአንድ ምት ውስጥ “ጤፍ” ሲሉ አንዴ ያጨበጭባሉ፣ “ቆሎ” ሁለቴ፣ “ብርቱካን” ሦስቴ፣ “ከረሜላ” አራቴ። አንዷ ገና ፊደል የቆጠረች ልጅ ጤፍ ሁለት ፊደል ነው ብላ ሁለቴ አጨብጭባ ድርቅ አለች (እውነቷን ነው እኮ)። “አፍሽ ስንቴ ተከፈተ?” ስላት ሳቀች፣ ከዛ ወዲህ ተሳስታ አታውቅም። ብርቱካንን ሁለቴ አከታትለው ሲሉት ደግሞ ስድስት ስምንተኛ የሚባለው ምት ይሆናል፣ የኛ ችክችካ የሚሄድበት ምት ማለት ነው። ብዙዎቹ የጀማሪ መጻሕፍት በአራት ምት ስለሚጀምሩ የሰፈራችን ልጅ በጆሮው ያደገበትን ምት እስኪያገኝ ስንት ገጽ ይገልጣል።

ሰኞ ማክሰኞውም ዝም ብሎ ዝላይ አይደለም። እያጨበጨብኩ አንድ ሳጥን ለአንድ ምት ነው፤ ሁለት ምት የሚቆየው ኖታ ላይ ሲደርሱ በአንድ እግር ቆመው ይጠብቃሉ። ለእረፍት፣ ማለትም ዜማው ውስጥ ዝም ለሚባልበት ምት፣ አኩኩሉን ነው የምጠቀመው፤ የተደበቀ ሰው አይንቀሳቀስም፣ ግን ጨዋታው ላይ አለ። እረፍት ማለት ማቆም እንዳልሆነ በሌላ መንገድ ለማስረዳት ሞክሬ አቅቶኛል። የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በደነዘዘ ጣት ምንም አይነካም፣ ዝላዩ ያሞቃቸዋል።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሙዚቃ መምህር ዣክ ዳልክሮዝ ምት መጀመሪያ በሰውነት ይገባል ብሎ ተማሪዎቹን ያራምድ ነበር፤ የሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይም ልጅ በገዛ አገሩ ዘፈንና ጨዋታ ይጀምር ባይ ነበር።

ትልልቆቹ ላይ አይሠራም፣ አሥራ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ዝለል ሲሉት ያፍራል። ለትንንሾቹም ከአንድ ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው ወንበር ላይ ነው አባቴ፣ ገንዘብዎ አልባከነም።

የመንዝ፣ የቡልጋ፣ የምንጃር አንባቢዎች በጭብጨባ የምትጫወቱት የልጅነት ጨዋታ ካላችሁ ለጋዜጣው ጻፉልኝ። የኔ እያለቀብኝ ነው።

የኪቦርድ አስተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን