ካምፑ ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

የቀድሞ የጦር ካምፕ ለኮሌጅ ይሰጥ በተባለ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሕንፃው ነው፤ ስንት ክፍል ይወጣዋል፣ ስንት ተማሪ ይይዛል። በሙያው ላለን ሰዎች ግን ጣጣው ያለው ከወለሉ በታችና ከጣሪያው ላይ ነው።

በካሊፎርኒያ 28,000 ኤከር ገደማ የነበረው የፎርት ኦርድ የጦር ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1994 ተዘግቶ በዓመቱ ከፊሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያልፈነዳ ጥይት ለቀማው ግን ከ20 ዓመት በኋላም አላለቀም። አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) እና እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም የነበረባቸው የወታደር መኝታዎችም ለዓመታት ባዶአቸውን ቆመው ቀስ በቀስ ፈረሱ።

ስለዚህ በርክክቡ ዕለት ቁልፍ ብቻ መቀበል አይበቃም። የተኩስ ሜዳው፣ የጥይት መጋዘኑ፣ የነዳጅ ጋኑና የቆሻሻ ጉድጓዱ የት የት እንደነበሩ የሚያሳይ ፕላን ይጠየቅ። የፍተሻው ወረቀት «ነፃ ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ እስከ ስንት ጥልቀት እንደተፈተሸ ይጻፍበት። ግማሽ ሜትር የተፈተሸ መሬት ኳስ ያጫውት ይሆናል፣ 2 ሜትር መሠረት ለሚቆፍር ግን ያ ወረቀት ምንም አይፈይድለትም። ከዒላማው ጀርባ ያለውን የአፈር ክምር ዶዘር አምጥቶ መደልደል ደግሞ የጥይቱን እርሳስ ለግቢው ሁሉ ማዳረስ ነው። አፈሩ ተመርምሮ ለብቻው ይነሳ።

ግራጫው የአስቤስቶስ ክዳን በመዶሻ አይሰበርም፣ በሽቦ ብሩሽም አይፋቅም። በውኃ ይርጠብ፣ ቡሎኑ ይፈታ፣ ክዳኑ ሳይሰነጠቅ ይውረድና በወፍራም ላስቲክ ድርብ ይጠቅለል። አፍና አፍንጫን በሻሽ ማሰር ከዚያ ብናኝ አያድንም።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ላይብረሪው ላይ ነው። የመኝታ ወለል የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ የሞላበት ክፍል ግን 750 ኪሎ ይፈልጋል። ሰፊውን የፎቅ አዳራሽ አይቶ «ለላይብረሪ የተፈጠረ ነው» የሚል አይጠፋም፣ ስንጥቁ የሚታየው መጻሕፍቱ ከተደረደሩ በኋላ ነው። ላይብረሪው ምድር ቤት ይሁን።

የውኃው ነገርም አለ። ለካምፕ ኮረብታ የሚመረጠው ለዕይታ ነው እንጂ ለውኃ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. እንዳየሱስ ላይ የመሸገውን የጣልያን ጦር ምሽጉን ያስለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ መያዙ ነበር፤ ዛሬ ኮረብታው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የጉድጓዱ አቅም ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይቋረጥ በፓምፕ እየተሳበ ይፈተን፣ ፈተናውም በበጋው ማብቂያ ይሁን። በነሐሴ የተለካ ውኃ በሚያዝያ አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር
የግንባታ ባለሙያዎች