ውስጥ እግራችንንም እዩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር በምስል ቀድሞ ስለ መለየት ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው። ግን "ይበልጥ ተጋላጭ" ብላችሁ የዘረዘራችኋቸው ሁሉ ፈረንጆች ናቸው። ነጭ ቆዳ፣ ቀይ ጸጉር፣ ገላን የሞላ ጥቁር ነጥብ። እኔ የምኖርበት ኮዬ ፈጬ እንዲህ ያለ ሰው ቢፈለግም አይገኝ።

በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ሜላኖማ ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ የማያየው ቦታ ላይ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊን የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ታየ። በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ሞተ። ገርጂ በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለን፤ በምን እንደሞተ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አጎቴ ገበሬ ነበር። ተረከዙ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣበት። ጤና ጣቢያ ሲሄድ "እሾህ ወግቶዎት ደም ቋጥሮ ነው" ብለው ቅባት ሰጡት። ዓመት ሙሉ ተቀባ። ከዚያ ቆሰለ፤ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት አወጣ። ናሙና ተወስዶ የበሽታው ስም ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ያየችውን ባለሙያ አልወቅስም። በባዶ ዓይን ምን ታድርግ?

ደርማቶስኮፕ ግን በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት። አሥር እጥፍ ታጎላለች፤ በመብራቷ ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለውን ታሳያለች። ውስጥ እግር እንደታረሰ መሬት ትልም አለው። ጥቁረቱ ትልሙን ተከትሎ ከተኛ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። በትልሞቹ መሃል ባለው ጉብታ ላይ ከተሰመረ ግን ያሰጋል። ይህን ለአጎቴ ብነግረው ከእኔ ቀድሞ ይገባው ነበር።

መሣሪያዋ ስልክ ላይ ትገጠማለች። ታዲያ የየጤና ጣቢያው ነርስ ፎቶ አንስታ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ላሉት የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች ብትልክ ምን ይከብዳል? በሁለት ታክሲ መንከራተቱም ይቀራል። "ስልኩ ራሱ ይመረምራል" የሚሉትን መተግበሪያዎች ግን እኔ አላምናቸውም። አብዛኞቹ የተማሩት በነጭ ቆዳ ፎቶ ነው።

ድሮ ማታ ማታ ልጆች የአባታቸውን እግር ያጥቡ ነበር። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሁሉም ሻወሩን ለየብቻው ነው፤ የሽማግሌ ውስጥ እግር የሚያይ ጠፋ። እኔ በቅርቡ የእናቴን ሳጥብ አንዲት ነጥብ አየሁ። እሷ "ማርያም የሳመችኝ ነው" አለች። ለማንኛውም ብዬ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። በመሣሪያዋ አይቶ "ትልሙ ውስጥ ነው፣ አይዞሽ" አለኝ። ፎቶ አንስቶ አስቀመጠና ከሦስት ወር በኋላ ከአዲሱ ጋር ላስተያየው ብሎ ቀጠረን። እናቴ ስንወጣ "ደሞ የእግር ፎቶ!" እያለች ትስቃለች።

አንባቢያችሁ፣
ከኮዬ ፈጬ